አባቴ ኮሚኒስት ያልነበረበት ቀን

አሜሪካ ፈሪ አገር ናት ብል የሚስቅብኝ ይኖራል። ይሳቅ። እኔ ሄጄ አላየኋትም፤ እሷ ናት ሱዳን፣ ገዳሪፍ ድረስ መጥታ ወላጆቼን ወንበር ላይ አስቀምጣ የጠየቀቻቸው። ከጥያቄዎቿ ሁሉ አንዷን ሳስታውስ ዛሬም ቆሽቴ ይደብናል፦ «የኮሚኒስት ፓርቲ አባል ነበሩ?»

እባካችሁ፣ በየትኛው ዘመን ነው ያለነው? ደርግ ሲወድቅ እኔ በእናቴ ጀርባ ታዝዬ መተማን እየተሻገርኩ ነበር። ያቺ የታዘለች ልጅ አድጋ፣ ስፌት ተምራ፣ አግብታ ወልዳ፣ የገዳሪፍን ተማሪ ዩኒፎርም ስታለብስ ዓይኗ ደክሟል። ኮሚኒስት የሚባል ሰው ግን አይታ አታውቅም። ያየችው አባቷን ብቻ ነው፤ የእሱንም ኮሚኒስትነት የምታውቀው እሱ ራሱ ስለሚያወራው ነው።

ማውራት ደግሞ ያውቅበታል። ጉልበት እያለው ፋውና መፋዛ ወደሚባሉት የእርሻ አገሮች እየወረደ ያርም ነበር፤ ሲያረጅ አንድ ነጋዴ የሰሊጥ መጋዘን ዘበኛ አደረገው። ከሥራ መልስ ደጃችን ላይ ካለው ራኩባ፣ ከዚያች የሳር ዳስ ሥር፣ ካገሩ ሰዎች ጋር ይቀመጣል። ወሬው አንድ ነው፦ ፓርቲው። በስብሰባ ላይ የፊት ወንበር እንዴት እንደሚለቀቅለት፣ ካድሬዎቹ እሱን ሳያማክሩ እንዴት እንደማይወስኑ፣ የአውራጃው አስተዳዳሪ እጁን ይዞ እንዴት እንደጨበጠው። ሰው ሁሉ «ጓድ» ይለዋል። ሱዳኖቹ ጎረቤቶቻችን እንኳ ስሙ መስሏቸው በዓረብኛቸው «ያ ጓድ!» እያሉ ነው የሚጠሩት። ሲጠሩት አንገቱ ቀና ይላል። እናቴ ሻዩን እያቀረበች ትሰማለች፤ አንድም ቀን «እንዲህ አልነበረም» ስትል ሰምቻት አላውቅም።

ወላጆቼ ስደተኛ ተብለው የተመዘገቡት ጥንት ነው። አሜሪካ የመሄድ ተራቸው የደረሰው ግን ሰው ሁሉ ተስፋ ከቆረጠ በኋላ፣ ካርቱም ከመቃጠሏ ጥቂት ቀደም ብሎ ነበር። እኔ የከሰላ ሰው አግብቼ የራሴ ቤት ስላለኝ ከነሱ ጋር አልቆጠርም። የሚሄዱት ሁለቱ ናቸው፤ የሚሄዱትም ታናሽ እህቴ ዘንድ ነው።

እህቴ ባሏን ተከትላ አሜሪካ ከገባች ቆይታለች። የመጀመሪያ ልጇን ስትወልድ የሚያርሳት ሰው አልነበረም። ባሏ ፋብሪካ ውሎ ፋብሪካ ያድራል፤ እሷ ገና ወገቧ ሳይጠና ተነስታ እቃ ታጥብ ነበር። «እማዬ፣ ገንፎ የሚያገነፋልኝ እንኳ የለም» ብላ በስልክ ስታለቅስ፣ እናቴም ስልኩን ጆሮዋ ላይ ለጥፋ አብራ አለቀሰች። ከዚያ ወዲህ እናቴ አሜሪካ ስትል አገሩን ማለቷ አይደለም፤ የልጇን አራስ ቤት ማለቷ ነው። ሁለተኛውን ስትወልድ እደርሳለሁ ብላ ማለች። ተራው ደረሰ የተባለ ዕለት የአጥሚት እህል ገዝታ፣ ለቅማ፣ ቆልታ አስፈጨች። «እማዬ፣ ገና እኮ አልተጠየቃችሁም፤ ይነቅዛል» ብላት «ዝም በይ» አለችኝ። እንግዲህ ነገሩ ሁሉ ይኼው ነበር፦ አንዲት እናት ልጇን ልታርስ።

መሃል ላይ ያቺ ጥያቄ ገባች። ለቃለ መጠይቅ ገብቶ የወጣ ሁሉ ይዟት ይመጣል። «አዎ ካልክ ኸላስ፣ አለቀልህ» ተባለ። ማን አለ? ማንም። የገዳሪፍ ወሬ ባለቤት የለውም። ብቻ በአንድ ሰሞን በከተማው ያለው የቀድሞ ሹም ሁሉ ገበሬ ሆነ። ትናንት «ሻለቃ» ካላሉት የማይዞር ሰውዬ ጦር ሰፈር ውስጥ ወጥ ሠሪ እንደነበረ መማል ጀመረ። አባቴ ብቻ ጓድ እንደሆነ ቀረ።

ጎንደር ታሪክ ያስተምር የነበረ ጎረቤት አለን። እሱን ሄጄ ጠየቅሁት። «ኮሚኒስቱ ምን አድርጓቸው ነው? ልጃቸውን ገደለ?» አልኩት። ሳቀና ነገሩን ከሥሩ ጀመረልኝ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነው አለ። ከሩሲያ ጋር ሆነው ጀርመንን ድል አድርገው ገና ላባቸው ሳይደርቅ ወዳጅነቱ ተገለበጠ። ከዚያ አሜሪካ የገዛ ቤቷን ማመን አቃታት። በየመሥሪያ ቤቱ፣ በየትምህርት ቤቱ፣ ፊልም በሚሠራበት ሳይቀር ኮሚኒስት ተደብቋል ተባለ። መንግሥት ሠራተኛውን ታማኝነትህን አረጋግጥ አለው። አስተማሪ ተባረረ። ተዋናይ ስሙ ጠቆረና እንጀራው ተዘጋ። ሰው ሸንጎ ፊት እየቀረበ «አባል ነህ? ነበርክ? ከማን ጋር ነበርክ? ስማቸውን ጥራ» ይባል ነበር፤ ወዳጆቼን አልጠራም ብሎ እስር ቤት የገባም አለ። የአገር መግቢያው ሕግም በዚያው ድንጋጤ ተጻፈ፦ አባል የነበረ አይግባ።

አብሮኝ የመጣው አባቴ ይህን ሲሰማ ከተቀመጠበት ብድግ አለ። «ይኼማ የኛው ቀበሌ ነው!» አለ። «እኛም እኮ አድኃሪ አጋልጥ፣ ራስህን ሂስ እያልን ሰው እናስቆም ነበር። የኛው አድኃሪ ይፈልጋል፣ የነሱ ኮሚኒስት ይፈልጋል እንጂ ስብሰባው አንድ ነው።»

እውነቱን ነው። ግን «እናስቆም ነበር» ሲል ጨጓራዬን ላጠው። ይኼን አፍ ይዞ ነው አሜሪካ ፊት የሚቀርበው!

ሌላም የሚያናድደኝ አለ። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባላል፤ እሺ፣ ይበርግግ። ግን ስንት ዓመት ይበረግጋል? የፈሩት ሰዎች ሞተዋል፤ የተፈሩትም ሞተዋል፤ ሩሲያ ራሷ ነገሩን ትታዋለች። ጥያቄው ግን አለ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ማለት ይኼ ነው። እነሱ በአያቶቻቸው ዘመን የደነገጡት ድንጋጤ ባሕር ተሻግሮ መጥቶ፣ የሰው ማሽላ ሲያርም ያረጀ ሽማግሌ ላይ ያርፋል። ይህን ለመምህሩ ብነግረው «ታሪክ እንዲህ ነው» አለኝ። እንዲህ ከሆነ ምን ያስተምሩታል?

እኛ ሰፈር አንድ ልማድ አለ። ቃለ መጠይቅ የደረሰው ሰው ካለ ጎረቤት ይሰበሰብና ያለማምደዋል። አንዱ ኸዋጃ ይሆናል፤ ፈረንጁን እዚህ እንዲያ ነው የምንለው። ሌላው አስተርጓሚ ይሆናል። ለአባቴና ለእናቴም ራኩባው ሥር ተሰበሰቡ። መምህሩ ኸዋጃ ሆነና የፕላስቲክ ወንበር ላይ እግሩን አነባብሮ ተቀመጠ። ከየት መጣችሁ፣ መቼ መጣችሁ፣ ስንት ልጅ ወለዳችሁ፣ ሁሉም ደህና ሄደ። ከዚያ አማርኛውን ፈረንጅ እንደሚያበላሸው አበላሽቶ «የኮሚኒስት ፓርቲ አባል ነበሩ?» አለ።

አባቴ ጓደኞቹን አያቸው። እነሱም አዩት። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ያንን ወሬ የሰሙ ሰዎች እነዚህ ናቸው። ጉሮሮውን ጠረገ።

«እንግዲህ... በጊዜው... ሰፊው ሕዝብ ሲደራጅ...»

«አዎ ነው አይደለም?» አለ መምህሩ።

«ኧረ ጓድ፣ አይደለም ይበሉና ይገላግሉን!» አለ አንዱ።

«ሰው የበላበትን ወጪት ይሰብራል እንዴ?» አለ አባቴ።

ሁሉም ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም።

ሰው ሲበተን ሁለቱን አስቀምጬ ተቆጣኋቸው። ወላጅ አይቆጡትም፤ እኔ ተቆጣሁ። «ለየብቻ ነው የሚጠይቋችሁ። ሁለተኛ አይጠሯችሁም። አንድ ቃል ሁኑ! እሱ ያለውን አንቺ ካላልሽ፣ አንቺ ያልሽውን እሱ ካላለ፣ ሁለታችሁም ውሸታም ናችሁ ተብሎ ያበቃል!» አባቴ መሬት መሬት ያያል። እናቴ ራሷን ነቀነቀች። «አንድ ቃል» አለች። ለእኔ አንድ ቃል ማለት «አልነበርንም» ማለት ነው። ይኼም ተብራርቶ ይነገራል ብዬ አላሰብኩም።

ቀኑ ደረሰ። የሚጠይቁት ከገበያው ወጣ ብሎ በተከራዩት ግቢ ነበር። ራክሻ ይዘን ሄድን፤ ሦስታችን ባንድ ራክሻ፣ በዚያች ባለ ሦስት እግር ላይ ተጣበን። አባቴ በዚያ ሙቀት ኮት ለብሷል። አውልቅ ስለው «ሰው ፊት ነው የምቀርበው» አለኝ። እናቴ ነጭ ቶቧን፣ የሱዳን ሴቶች የሚለብሱትን፣ ተከናንባለች። ኒም ዛፍ ሥር ተቀምጠን ስንጠብቅ መጀመሪያ እሱን ጠሩት። ቆየ። እናቴ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፤ ትጸልያለች። እሱን በጓሮው በር ሲያስወጡት እሷን በፊት ለፊቱ አስገቧት፤ እንዳይነጋገሩ መሆኑ ነው። በሽቦው አጥር በኩል ግን አየችው። ኮቱን አውልቆ ክንዱ ላይ ጥሎ፣ ግንባሩን እየጠረገ፣ አንገቱን ደፍቶ ነበር የሚሄደው።

ዞሮ መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ።

«እ? ምን አልካቸው?»

«እውነቱን።»

«አዎ አልካቸው?»

«አይደለም አልኳቸው።» ኮቱን ጉልበቱ ላይ አጥፎ «አልነበርኩማ» አለ።

«ምኑን?»

«አባል አልነበርኩም። ሆኜም አላውቅም።»

እዚያው ኒሙ ሥር ነገረኝ። የገበሬ ማህበሩ ዘብ ነበር፤ ይኼ እውነት ነው። ፓርቲው ውስጥ ሊያስገቡትም አጭተውት ነበር፤ ይኼም እውነት ነው። ከዚያ እጩዎቹን ለሴሚናር ከተማ ወሰዷቸው። ቀኑ ረቡዕ፣ የጾም ቀን ነበር፤ ለምሳ የቀረበላቸው ግን ጥብስ ነው። ካድሬው በማዕዱ ዙሪያ ወዲያ ወዲህ እያለ የሚበላውንና የማይበላውን ያያል። አባቴ አንዲት ጉርሻ ሊጎርስ ነው፤ አፉ ድረስ አደረሳት፤ እጁ እምቢ አለው። ሆዴን አሞኛል ብሎ ተነሳ። በማግስቱ «ይኼኛው ገና አልነቃም» ተብሎ ከእጩነት ተሰረዘ። የፓርቲ ታሪኩ በሙሉ ይኼው ነው፤ አንድ ያልተበላ ጉርሻ።

«ታዲያ ያ ሁሉ ወሬ?» አልኩት።

«እዚህ ስንመጣ ሁሉም ሹም ነበርኩ፣ ሻለቃ ነበርኩ ይላል። እኔ ምን ልበል? ባዶ እጄን መጣሁ ልበል?» አለና እጁን ተመለከተ። «ዛሬ ግን አልቻልኩም። እናትሽ ልጇ ዘንድ ትሂድ እንጂ የኔ ወሬስ ይቅር ብዬ ነው።»

ላቅፈውም ልመታውም አማረኝ። ያሳደገኝ ወሬ ውሸት መሆኑ ነው፤ ግን ውሸት መሆኑ ደስ አለኝ። እውነቱና የሚጠቅመን ነገር ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ላይ ገጠሙ ብዬ እግዜርን አመሰገንኩ።

እናቴ ስትወጣ ፊቷ በርቷል። ቶቧን እያስተካከለች መጣች።

«እንዴት ነበር እማዬ?»

«ደህና ነው። አስተርጓሚዋ ያገራችን ልጅ ናት። የጨዋ ልጅ።»

«ስለ ኮሚኒስቱ ጠየቁሽ?»

«ጠየቁኝ። አንቺስ አሉኝ፣ አልነበርኩም አልኩ። ባልሽስ አሉኝ።» አባቴን ቀና ብላ አየችው። «ነበር አልኳቸው። ትልቅ ሰው ነበር፣ ካድሬዎቹ እሱን ሳያማክሩ አይወስኑም ነበር አልኳቸው።»

እርፍ!

ጮህኩ። በግቢው ያለ ሰው ሁሉ ዞሮ አየን፤ ዘበኛውም «ያ ኡኽቲ፣ እህቴ፣ ምንድን ነው?» እያለ መጣ።

«ምን ያስጮህሻል?» አለች እናቴ። «አንድ ቃል ሁኑ ያልሽ አንቺ አይደለሽም? እሱ እንደሆነ ከመጣን ጀምሮ አልነበርኩም ብሎ አያውቅም። ሰዎቹ ፊት እንኳ፣ እንዲያ ሲለምኑት አላለም። ዛሬ ለፈረንጅ ይላል ብዬ ላስብ? አንገቱን ደፍቶ ሲወጣ ሳየው፣ ነበርኩ ብሎ ተናግሮ ነው የፈራው አልኩ። ብቻውን ልተወው?»

ባልና ሚስት ካንድ ባሕር ይቀዳል ይላሉ። ያን ዕለት ምነው የኔዎቹ ካንድ ባሕር ባልተቀዱ ብዬ ተመኘሁ። ትንሽ ክፉ ቢሆኑ፣ አንዱ ላንዱ ባያስብ፣ ሁለቱም የታዘዙትን ብለው ይወጡ ነበር። አባቴ ኮቱን መልሶ ለበሰና ወደ ራክሻው ሄደ።

ወራት አልፈው መልሱ መጣ። የሁለቱ ቃል እርስ በርሱ ስለሚጋጭ ማመን አልቻልንም፣ አይሄዱም ይላል። መምህሩ አነበበልንና ራሱን ይዞ ቀረ። በኋላ ወዲያ ወዲህ ጠያይቆ ሲመለስ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «ሁለቱም ነበር ቢሉ ኖሮ እንኳ ያልፉ ነበር። የድሮ አባልነት፣ ያውም አገሩ በግድ ሲደራጅ የተገባበት፣ ዛሬ ብዙ አያከራክርም አሉ። ሕጉ መውጫ አለው።»

«ይኼን መቼ ነው ያወቅኸው?»

«አሁን ጠይቄ።»

አሁን! ኸዋጃ ሆኖ እግሩን አነባብሮ ሲቀመጥ አልጠየቀም። አሜሪካኖቹ ራሳቸው ግማሹን የረሱትን ፍርሃት እኛ ገዳሪፍ ላይ እንደ አዲስ አንግሠነው ነበር። የፈሩት ይደርሳል፤ በነሱ አልደረሰም፣ በኛ ደረሰ። እንደገና ይታይልን ብለን አመለከትን። ማመልከቻው ይድረስ አይድረስ ሳናውቅ የካርቱሙ ጦርነት ጀመረ። ዛሬ ገዳሪፍ ከዚያ በሸሸ ሰው ተጨናንቃለች፤ የሚጠይቅም ኸዋጃ የለም።

መልሱ በመጣበት ቀን የሆነውን ግን ልጨርስ። እነሱ ቤት ባኖርኩት ስፌት መኪናዬ ላይ ነበርኩ። መምህሩ አንብቦ ሲወጣ አባቴ እናቴ ላይ ጮኸባት።

«ለምን ዋሸሽ?»

እሱ! እሱ ነው ይኼን የሚለው! በእጄ የያዝኩትን መቀስ ልወረውረው ምንም አልቀረኝም።

«ያወራኸውን ነው ያወራሁት» አለች።

«አምነሽው ነው?»

«ምኑን አምናለሁ? ያን ረቡዕ ሳትበላ ውለህ ስትገባ ሽሮ ያቀረብኩልህ እኔ አይደለሁም?»

አባቴ ጠጋ አላት። «ያን ጊዜ አውቀሽ ነው? ይኼን ሁሉ ዓመት ዝም ያልሽኝ?»

«ምን ልበልህ? በሬህ እዚያ ቀረ፣ ማሳህ እዚያ ቀረ። ይዘኸው የተሻገርከው እሱን ወሬ ብቻ ነበር። እሱንም ልቀማህ?»

የእኔ ንዴት የት እንደሚያርፍ ቦታ ጠፋው። ለእህቴ ደግሞ መደወል አለ። የሁለተኛ ልጇ መውለጃ ተቃርቧል፤ የእናቴን መምጫ ቀን እየጠበቀች ነው። ድምፁን ለሁላችን ከፈትኩት። አመሻሽ ስለሆነ የአባቴ ሰዎች እንደ ልማዳቸው ከደጃችን ራኩባው ሥር ተቀምጠዋል፤ በሩ ክፍት ነው።

«እማዬ፣ መቼ ነው?» አለች እህቴ ገና ስታነሳው።

እናቴ ከእጄ ቀማችኝ። «ልጄ፣ እኔ ነኝ ያበላሸሁት። አባትሽ ደህና መልሶ ነበር። እኔ አሮጊቷ ኮሚኒስት ነበር ብያቸው ነው።»

«ታዲያ ነበር አይደል እንዴ?» አለች እህቴ። እሷም እንደኔ በዚያው ወሬ ያደገች ናት።

አባቴ እጁን ዘርግቶ ስልኩን ተቀበለ። በሩን እዘጋለሁ ብዬ ብነሳ ተይው አለኝ። «አልነበርኩም ልጄ» አለ፤ ድምፁንም ዝቅ አላደረገም። «ፓርቲው ውስጥ ገብቼ አላውቅም። አባትሽ ገበሬ ነበር፤ ሌላ ምንም አልነበረም።»

ውጭ ወሬው ጸጥ አለ። ከማዶ እህቴ ስትተነፍስ ይሰማል፤ ከዚያ ለቅሶዋ መጣ።

«ካልነበርክ» አለች፣ «ታዲያ እማዬን ለምን ከለከሉኝ?»